መቀነቷን በጉባኤ ፊት የፈታችው ልክየለሽ

ልክየለሽ የራሷን ለቅሶ በራሷ ጆሮ የሰማች ሴት ናት። ይህ ዕድል ለሁሉ አይገጥምም፤ ሰው ሁሉ ከሞተ በኋላ ምን እንደተባለለት ሳያውቅ ይቀራል። እሷ ግን በዐሥራ አንድ ዓመቷ፣ እስከ አንገቷ ውኃ ውስጥ ሆና፣ ከመጀመሪያው ግጥም ጀምራ አዳምጣዋለች።

የተወለደችው እንጅባራ አጠገብ፣ ከዘንገና ሐይቅ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር። እናቷ ጨው ግዢ ብላ ገበያ ላከቻት። ስትሄድ ወንዙ ቁርጭምጭሚቷን አላለፈም፤ ስትመለስ ግን ከላይ ዘንቦ ኖሮ ሌላ ወንዝ ሆኖ ጠበቃት። ልጅ ናትና የጠዋቱን አምና ገባች። መሀል ላይ ስትደርስ ጎርፉ እግሯን ነቅሎ ይዟት ሄደ፤ ጨውም ሄደ። እንደ እግዜር ፈቃድ ከዳገቱ ሥር የተንጠለጠለ የዛፍ ሥር አገኘችና በሁለት እጇ ተጠመጠመችበት።

ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ዳር ላይ ተሰበሰበ። የዚያ መንደር ሰው ርኅሩኅ ነው፤ ሰው ሲቸገር እያየ ዝም አይልም፤ ያለቅሳል። በአልቃሽነቷ ስሟ እስከ አዲስ ቅዳም ከተማ የተሰማ አንዲት ሴት እዚያው ነበረች። ልጅቱ ሥሩን ይዛ ዓይኗን ስታቁለጨልጭ እያየች፣ ነጠላዋን ታጥቃ ጀመረች፦

«ጨው ግዢ ብዬሽ ልኬሽ ገበያ፣
ወንዝ ወሰደብኝ ያችን ባለሙያ!»

ሕዝቡ ደረቱን እየመታ ተቀበለ። ግጥሙ በአማርኛ፣ ዋይታው በአገዎቹ ቋንቋ በአውኚ ነበር፤ ሁለቱም አልጎደለባትም። ልክየለሽ ከዚያ ቀን በፊት «ባለሙያ» ተብላ አታውቅም። እናቷ «ይቺ እጀ ሰባራ» ነበር የምትላት። ምስጋናው ሲመጣ አፏ ውኃ ሞልቶ ነበርና ልትደሰት እንኳን አልቻለችም።

ወንዶቹም ሥራ አልፈቱም። ሁለቱ የማን መጫኛ ይረዝማል እያሉ ይከራከሩ ነበር። ሦስተኛው መጫኛውን ሊያመጣ ሄዷል፤ ቤቱ ከጋራው ወዲያ ማዶ ነው።

እዚያ ቆመው ደረታቸውን የሚደቁት ሴቶች ሁሉ ወገባቸው ላይ ብዙ ክንድ የሚሆን መቀነት ጠምጥመዋል። ነገር ግን መቀነት በወንድ ፊት አይፈታም፤ ነውር ነው። የልጅ መስጠም ያሳዝናል እንጂ ነውር የለበትም።

እታለማሁ የምትባል ጎረቤታቸው ነበረች። አፏ አያርፍም እየተባለች የምትታማ፣ ማታ ማታ የመንደሩን ልጆች ሰብስባ እንቆቅልሽ የምታጫውት ሴት ናት። ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣች፤ መቀነቷን ከወገቧ ዘርግፋ ፈታች፤ ጫፉን ወደ ልጅቱ ወረወረች።

«ያዢው! ያዢው እንጂ!»

ልክየለሽ አልሰማችም። ፍርሃት ጆሮዋን ደፍኖት፣ ጣቶቿ ሥሩ ላይ ደርቀው ቀርተዋል። መቀነቱ አፍንጫዋ ሥር እየተንሳፈፈ ታየዋለች፤ ግን አታየውም። ከዳር ደግሞ ሕዝቡ «ያዢ! ልቀቂ! አትልቀቂ! ጸልዪ!» እያለ ምክሩን ያዘንባል። እታለማሁ ጭቃው ላይ ተንበረከከችና ማታ ማታ ልጆቹን በምትጠራበት ድምፅ ተጣራች።

«እንቆቅልሽ!»

«እንቆቅልሽ ብያለሁ እኮ፣ አንቺ!»

«ምን… ምን አውቅልሽ!» አለች ልጅቱ፤ አፏ ለምዶት።

«እግር የለው ይሮጣል፣ ጥርስ የለው ይውጣል!»

«ጎርፍ!»

«አንቺ ጮሌ፣ አወቅሽብኝ! ሌላ አለኝ። መቀነቴን ያዢና ልንገርሽ።»

ያዘች። ሁለተኛውን እንቆቅልሽ የሰማችው ደረቅ መሬት ላይ ተዘርግታ ውኃ ስትተፋ ነው።

አልቃሿ ሙሾዋ በመሀሉ ስለተቋረጠባት ለረዥም ጊዜ ቅር ብሏት ኖረች። የእታለማሁ ባልም ማታ «በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት መቀነትሽን ፈታሽ አሉ» ብሎ ተቆጣት። «ፈታሁ፤ ቀሚሴ ግን አልወለቀም» አለችው፤ «የልጅቱን ሬሳ ተሸክመህ ብትመጣ ደስ ይልህ ነበር?» ሰውዬው ጥቂት አሰበና እራት እንዲቀርብለት ጠየቀ።

*

ልክየለሽ አድጋ ዳንግላ ገባች። ሉቃስ የሚባል ባለጋሪ አግብታ፣ ወንጌላውያን ከሚሰበሰቡባት አንዲት ትንሽ ጉባኤ ጋር ተቀላቅላ፣ በረንዳዋ ላይ በስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ትኖር ጀመር። ሉቃስ ባጃጅ ከተማውን ካጥለቀለቀው ወዲህ ከሰው ይልቅ ሲሚንቶና ድንች ነው የሚጭነው። «ድንች ቢያንስ ቶሎ በል አይልም» ይላል።

በ2007 ዓ.ም. የጉባኤዋ ሽማግሌዎች የልጃገረዶች ኅብረት መሪ አጡ። ሥራው ደመወዝ የለውም፤ ምስጋናም የለውም፤ ስለዚህ ለሴት ይሰጥ ተባለና ልክየለሽ ተመረጠች። ከእሷ በፊት የመሩት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ፊልጶስ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመሥሪያ ቤት በስብሰባ ያሳለፉ፣ ከጡረታ በኋላ ስብሰባ ናፍቋቸው ቤታቸው የምሳ ሰዓትን አጀንዳ አስይዘው የሚያጸድቁ ሰው ናቸው። ልጃገረዶቹን «ጨዋነት» በሚል ርእስ ሲያስተምሯቸው ከርመው መጨረሻ ላይ ሦስት ብቻ ቀሩ። ከሦስቱ አንዷ የልጅ ልጃቸው ነበረች፤ እሷም ትተኛለች።

ልክየለሽ ግን ልጆቹን ከአግዳሚ ወንበር አስነሥታ ወደ ሜዳ አወጣቻቸው። የመጽሐፍ ቅዱስን መጻሕፍት ቅደም ተከተል በገመድ ዝላይ አስጠናች። የማባዛት ሰንጠረዥን በቅልብልቦሽ፤ ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውራ ሰባት ጊዜ ስምንትን ሳትመልስ ጠጠሩ የወደቀባት ተራዋን ትለቃለች። በሰኞ ማክሰኞው ሣጥን ውስጥ «ቧንቧ»፣ «ምንጭ»፣ «ወንዝ» ብላ ጻፈችበት፤ ውኃውን «አፈላሁ» ሳትል ወንዙን የረገጠች ልጅ ሆዷን ይዛ እያቃሰተች ትወጣለች። ማቃሰቱ ከዝላዩ ይልቅ ስለጣማቸው አንዳንዶቹ ሆን ብለው ወንዙን ይረግጡ ነበር።

ሴት ልጅ ብቻ የሚገጥማትንም ነገር አልተወችም። የወር አበባ በመጣ ቁጥር ከትምህርት ቤት የሚቀሩ ልጆች ነበሩ፤ ለሱም የዝላይ ዜማ አወጣችለት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ሦስቱ ልጆች መቀመጫ እስኪጠፋ በዙ፤ ደግነቱ የሚቀመጥ አልነበረም።

ከሁሉም የምትገርመው እንቁ ነበረች። እንቁ የዘንገና ገጠር ልጅ ናት፤ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ነው የምትማረው። በቤቷ በአውኚ ያደገች ስለሆነች አማርኛው ከአፏ ሲወጣ የከተማ ልጆች ስቀውባት፣ ከዚያ ወዲህ አፏን ዘግታ ኖራለች። አቶ ፊልጶስ ሲመሩ ከርማ አንዲት ቃል አልወጣትም፤ ዲዳ መስላቸው ብዙ ጊዜ ጸልየውላታል። ገመዱ ሲሽከረከር ግን እግሯ መሬት በለቀቀ ቁጥር ቃሉም አብሮ ይለቃል። ልክየለሽ በመጀመሪያው ቀን ሰምታት የያዘችውን የገመድ ጫፍ ጥላ ሄዳ አቅፋታለች።

*

አንድ እሑድ ዝናብ ስለነበር ጨዋታው ወደ አዳራሹ ገባ። የዕለቱ ትምህርት «በነፃ ላድርስሽ» የሚሉ ባጃጅ ነጂዎችን እንዴት መመለስ እንደሚቻል ነው። ርብቃ የምትባል አፈ ጮሌ ልጅ በከሰል ጢም ተሥሎላት፣ የድስት ክዳን እንደ መሪ ጨብጣ፣ ባርኔጣዋን ወደ ጎን ጥላ አግዳሚው ላይ ተፈናጣለች። እንቁ ደብተር ታቅፋ በእግሯ ትሄዳለች።

«ቆንጂት! በዚህ ፀሐይ በእግርሽ? ግቢ እንጂ፣ ለአንቺማ በነፃ ነው!» አለች ርብቃ ድምፅዋን አጎርንና።

«ነፃ ከሆነ ሂድና እናትህን አድርሳት!» አለች እንቁ።

አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ልክ በዚያች ሰዓት አቶ ፊልጶስ ጃንጥላቸውን እያጠፉ በሩ ላይ ቆሙ። ጢም ያላት ልጅ አዩ፤ የድስት ክዳን አዩ፤ ዲዳዋ ልጅ ስትሳደብ ሰሙ። ዲዳዋ በመናገሯ እግዚአብሔርን ለማመስገን የሚሆን ጊዜ አልነበራቸውም።

«ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው ወይስ መናኸሪያ?»

«ጋሽ ፊልጶስ፣ ትምህርት እኮ ነው» አለች ልክየለሽ።

«ትምህርት ከሆነ ለምን ይሥቃሉ?»

እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ሲያስተምሩ ማንም ሥቆ አያውቅም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ልክየለሽን ጠሯት። መጋቢ ቢያድግልኝ፣ ማንንም ማስቀየም የማይወዱ ደግ ሰው፣ «በሁሉም ወገን መልካም ነገር አለ» ብለው ከፈቱት። አቶ ፊልጶስም ጉሮሯቸውን ጠርገው ተናገሩ።

«እህት ልክየለሽ፣ ልብሽ መልካም ነው፤ ማንም አይክድሽም። ነገር ግን እግር ሲዘል ልብ ይበተናል። ልጆቹ አንድም ነገር አልያዙም።»

«ይዘዋል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የጉባኤያችን የምሥረታ በዓል ይመጣል። በምእመናን ፊት ቆመው ይጠየቁ። ከመለሱ፣ ኅብረቱ ያንቺ ነው፤ እኔ ሁለተኛ አልናገርም። ካልመለሱ ግን እኔው ተመልሼ እይዘዋለሁ። እንደ ሥርዓቱ፣ ተቀምጠው፣ ጸጥ ብለው።»

«ይሁን።»

«ጌታ ይባርክሽ» አሉ አቶ ፊልጶስ። ሰውን አስጨንቀው ካበቁ በኋላ ሁልጊዜ የሚሉት ነው።

ወሬው ልጆቹ ዘንድ ሲደርስ እንቁ በረንዳው ላይ መጥታ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆመች። ፔዳሉን እያየች «እሳቸው ከያዙት እኔ አልመጣም» አለች።

«ወዴት ትሄጃለሽ?»

«የትም። ቤት እቀመጣለሁ። ዝም እላለሁ።»

ልክየለሽ መርፌው ሥር ያለውን ኮሌታ አጣማ ሰፋችው።

*

ሰው ብልሃቱን የሚጥለው በጣም ሲያስፈልገው ነው። ልክየለሽም ክብር ይዟት አንድ ስሕተት ሠራች። «ሽማግሌዎቹ ጨዋ ልጅ ማየት ከፈለጉ ጨዋ ልጅ አሳያቸዋለሁ» አለችና ገመዱን ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ የሚለማመዱት መቆምን ብቻ ሆነ። እጅ ወደ ኋላ፤ አገጭ ወደ ላይ፤ ዓይን ግድግዳው ላይ። ነጭ ቀሚስ ሰፋችላቸው። ሲታዩ እንደ መቃብር ድንጋይ ያምራሉ።

ሉቃስ ከጋሪው ላይ ሆኖ ልምምዱን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ልኬ፣ አልወደድኩትም።»

«ምኑን?»

«ጋሪ የለመደን ፈረስ ጋሪውን ፈትተሽ ብትለቂው መንገዱ ይጠፋበታል። እኔ አይቻለሁ። አደባባይ መሀል ቆሞ ያለቅሳል።»

«አሁን ልጆቼን ከፈረስህ ጋር ማወዳደርህ ነው?»

«ፈረሴ እኮ አስተዋይ ነው። ሳትነግሪው ቤት ይደርሳል። ጋሪው ካለ ማለቴ ነው።»

«እንግዲያው አቶ ፊልጶስን ለፈረስህ አስተዋውቃቸው። ይስማማሉ።»

ሉቃስ ልጓሙን ሳብ አድርጎ ሄደ። ሚስቱ ስትሳሳት መመለሻው መንገድ ረዥም መሆኑን ከጥንት ያውቃል።

*

በዓሉ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ፤ ከእንጅባራ ሳይቀር እንግዳ መጥቷል። ልክየለሽ ጥለት ያለው ቀሚሷን ለብሳ፣ ሰፊውን መቀነት ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥማ ከፊተኛው አግዳሚ ተቀመጠች። ማይክሮፎኑ ጮኸ፤ መብራት ሄደ፤ መጣ፤ መዝሙር ተዘመረ። ነጭ የለበሱት ልጆች በሰልፍ ወጥተው ቆሙ። እናቶች «ሲያምሩ!» አሉ። እውነትም ያምሩ ነበር።

አቶ ፊልጶስ መነጽራቸውን አደረጉና ቀላሉን ጠየቁ።

«ርብቃ፣ የብሉይ ኪዳን መጻሕፍትን በቅደም ተከተል ንገሪን።»

ርብቃ ማለት ባጃጅ ስትነዳ መናኸሪያውን ሁሉ በነገር የምታቃጥል ልጅ ናት። አፏን ከፈተች። «ዘፍጥረት» አለች። «ዘጸአት» አለች። ከዚያ ጠፋ። ግድግዳውን አየች፤ ግድግዳው ላይ ሰዓት ብቻ ነበር።

«ቀጥዪ።»

«…ዘፍጥረት…»

«እሱን ሰምተናል። እንቁ፣ አንቺ ሞክሪ።»

እንቁ ከንፈሯን ገጠመችና እንደ ጥንቱ ዲዳ ሆነች። ሌሎቹ ተራ በተራ ተጠየቁ። ከአንዷም መልስ አልወጣም። ልክየለሽ አንገቷን ደፍታ ነበርና የልጆቹን ጫማ አየች። የሁሉም የጫማ ጫፍ ከቀሚሱ ሥር ቶሎ ቶሎ ይነቃነቃል። በድብቅ እየዘለሉ ነው። መልሱ እግራቸው ላይ ደርሷል፤ ወደ አፋቸው የሚወስደው መንገድ ነው የተቆረጠው። የቆረጠችውም እሷ ራሷ ናት።

አቶ ፊልጶስ ወደ ምእመናኑ ዞረው እጃቸውን በሐዘን ዘረጉ። ከኋላ አንዷ «ወይኔ ልጆቼን!» አለች። ሌላዋ «ጌታ ሆይ፣ ድረስላቸው!» አለች። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጸልይ ጀመር፤ አንዱ እየጮኸ፣ አንዱ እያነባ፣ አንዱ እጁን ወደ ጣሪያ ዘርግቶ። ጸሎቱ የሚያምር ነበር። ልጆቹ ግን ከፊታቸው ቆመው ይሰምጣሉ።

ልክየለሽ ይህን ዜማ ታውቀዋለች። የት እንደሰማችው ለማስታወስ ብዙ አልፈጀባትም፤ የወንዙ ውኃ አፏ ውስጥ መጣባት። ተነሣች። በምእመናን ፊት፣ በመጋቢው ፊት፣ ከእንጅባራ በመጣው እንግዳ ፊት እጇን ወገቧ ላይ አደረገችና መቀነቷን መፍታት ጀመረች።

ጸሎቱ ከኋላ ጀምሮ ጸጥ እያለ መጣ። መዓት ቢወርድ እንኳ ጸሎት እንዲህ ቶሎ አያበቃም።

«እህት ልክየለሽ!» አሉ አቶ ፊልጶስ፤ «ምን ማድረግሽ ነው?»

«መቀነቴን እየፈታሁ ነው፣ ጋሼ።»

«በጉባኤ ፊት?!»

«ሰው የሚሰምጠው በጉባኤ ፊት ሲሆን ምን ይደረግ?»

መቀነቱን በሁለት እጇ እንደ ገመድ አከረረችና አንዱን ጫፍ ይዛ ወደ ኋላ ተጣራች። «ሉቃስ! ና ያዝልኝ!» ሉቃስ በጸሎቱ መሀል እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ተነሣ፤ ምንም ሳይጠይቅ መጥቶ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ጅራፍ የለመደ እጅ ነውና አንድ ጊዜ ሲያዞረው መቀነቱ ወለሉን «ጧ!» አደረገው።

ልክየለሽ ልጆቹን አየቻቸው። ድምፅዋ ሲወጣ የራሷ አይመስልም ነበር።

«እንቆቅልሽ!»

ሰልፉ ደነገጠ። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ፣ «ምን አውቅልሽ!»

«መሬት አይነካ ሰማይ አይነካ፣ ቆሞ ሲጠየቅ የሚረሳ፣ ሲዘል የሚያስታውስ!»

«እኛ!» ብላ ጮኸች ርብቃ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?»

መጀመሪያ የገባችው ርብቃ አይደለችም። እንቁ ናት። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ከሚሽከረከረው መቀነት ሥር ገባች። እግሯ መሬት ለቀቀ። ቃሉም ለቀቀ። «ዘፍጥረት! ዘጸአት! ዘሌዋውያን!» ትንሿ ልጅ እየዘለለች ኢያሱን አለፈች፤ መሳፍንትን አለፈች፤ አቶ ፊልጶስ ራሳቸው ሁልጊዜ የሚሳሳቱባቸውን ትንንሾቹን ነቢያት አንድ ሳታስቀር ቆጠረች። ሚልክያስ ላይ ሁሉም ልጆች ገብተው ተቀበሏት። እናቶች ያጨበጭባሉ፤ አንዷም እልል አለች።

እዚህ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። ነገር ግን የዝላይ ዜማ እንደ ወንዝ ነው፤ ቁም ቢሉት አይቆምም። ልጆቹ በሜዳው ከሚልክያስ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃሉ።

«ባጃጅ መጣ — ይለፍ!
በነፃ ነይ አለ — ይለፍ!
ነፃ የሚባል — የለም!
እግር አለኝ — በቃኝ!»

ምእመናኑ ሣቁ። መጋቢ ቢያድግልኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ልክየለሽ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን አወቀችና «በቃ፣ ልጆች! በቃ!» ብላ መቀነቱን ልትይዝ ሞከረች። ሉቃስ አልሰማም፤ እጁ ሞቆለት ያዞራል። መጣ።

«ወሩ ሲሞላ — ምን ይመጣል?
እንግዳ ነው — ይሄዳል!
ጨርቄን አጥቤ — ፀሐይ ላይ፣
ከትምህርቴ — አልለይ!»

የአዳራሹ ወንዶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ጣሪያውን ማጥናት ጀመሩ። ጥሩ ጣሪያ ነበር፤ ከዚያ ቀን በፊት ያን ያህል ተመልካች አግኝቶ አያውቅም። ከእንጅባራ የመጣው እንግዳ የሚስማሩን ብዛት የቆጠረ ይመስላል። ሴቶቹ ግን ጣሪያውን አላዩም። ከመካከላቸው አንዲት ዕድሜዋ የገፋ እናት፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ፣ ቀስ ብላ፣ «አልለይ» አለች። ጎረቤቷም ደገመችላት።

መቀነቱ ቆመ። ልጆቹ ያለከልካሉ። እንቁ ላቧን በነጭ ቀሚሷ ክንድ ጠርጋ አቶ ፊልጶስን ቀጥ ብላ አየቻቸው።

«ሐዲስ ኪዳንንም ልበልልዎ?»

«አይ… ይበቃል፣ ልጄ» አሉ አቶ ፊልጶስ። ቃል ገብተዋልና፣ ቃላቸውንም ብዙ ሰው ሰምቷልና፣ «መልሰዋል» አሉ። ከዚያም የመዝጊያውን ጸሎት ራሳቸው ወሰዱና የሁሉም ምሳ እስኪቀዘቅዝ ጸለዩ።

*

ሽማግሌዎቹ በነገሩ ላይ ተወያይተው ወሰኑ። ኅብረቱ በእህት ልክየለሽ እጅ ይቆይ፤ ነገር ግን ዝላዩ ከአዳራሹ ጓሮ፣ ከማገዶው ክምር ወዲያ ይሁን፤ ሦስተኛው ዜማ ወንዶች በሌሉበት ይዘመር፤ መቀነት ለዝላይ እንዳይውል ጉባኤው ገመድ ይግዛ። ገመዱ እስካሁን አልተገዛም። መቀነቱም እስካሁን ይዘለልበታል።

አቶ ፊልጶስ ልክየለሽን ሲያገኟት እንደ ድሮው «ጌታ ይባርክሽ» ይሏታል፤ ስለዚያ ቀን ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። አንድ ነገር ብቻ የጉባኤው ሴቶች አይተው እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። ሰባኪው «ትንቢተ አብድዩን እናውጣ» ሲል ሌላው ሰው ገጽ ያገላብጣል። የአቶ ፊልጶስ ዓይን ግን ይከደናል፤ የጫማቸው ጫፍ ከአግዳሚው ሥር ቶሎ ቶሎ ይነቃነቃል፤ ከዚያ ከሁሉም ቀድመው ያወጣሉ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ርብቃ መምህርነት ልትማር ወደ ባሕር ዳር ከመሄዷ በፊት ልትሰናበት መጣች። ሉቃስ ሻንጣዋን ጋሪው ላይ ጭኖ ይጠብቃታል፤ ለዛሬ ድንች ይቅር ብሎ። እንቁ በረንዳው ላይ ለትንንሾቹ ቅልብልቦሽ ታስተምራለች፤ አፏ ስለማያርፍ ልክየለሽ አንድ ሁለቴ «ቀስ በይ አንቺ፣ ክሬ ጠፋብኝ» ብላታለች።

«እትዬ ልኬ» አለች ርብቃ፤ «እኔም ነገ ልጆች ፊት መቆሜ ነው። ከሁሉ ዋናው ነገር ምንድን ነው? ጨዋታው ነው ወይስ ትምህርቱ?»

ልክየለሽ የመኪናውን ፔዳል አቆመች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«እኔ ሁለቱን ለያይቼ አላውቃቸውም። ያኔ ወንዝ ውስጥ ሳለሁ፣ ያ ሁሉ ሰው እውነተኛውን ነገር ነው የሚነግረኝ፤ ያዢ ይለኛል፣ ጸልዪ ይለኛል። አንዱም አልገባኝም። የፈራ ሰው ጆሮ የለውም፣ ልጄ። የገባችኝ የእታለማሁ ጨዋታ ናት፤ እሷ ከገባች በኋላ ነው መቀነቱን ያየሁት። እኔም ይህን እያወቅሁ በዚያ በዓል እናንተን ደረቅ አድርጌ አቁሜያችሁ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ። እና ዋናውን ከጠየቅሽኝ ይኸው ነው፦ ልጅ ስትሰምጥ ካየሽ መጀመሪያ መቀነትሽን ፍቺ። ነውሩን ኋላ ትታጠቂዋለሽ። ሙሾውም ቢሆን ይቆይሽ፤ የትም አይሄድ።»